«ሁላችንም ሞልተናል፣ ቲቸር!»

አልቀረም! ኧረ አልቀረም! ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ፣ ተከራከረ፣ ሻዩን ጠጣ፣ በመጨረሻም «ይቀጥል» ብሎ ተነሣ። እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን ደስ ያለን!

ምኑ ነው የሚቀጥለው? የማን? ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ። የሻሺቱ ነዋ! የመምህርት ሻሺቱ የዓርብ ሰዓት!

አርባ ምንጭ ውስጥ ሻሺቱን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ሲቀላ ሰፈር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ወፈር ያለ ነው፤ ስትስቅ ከጎረቤት ክፍል ይሰማል። ያደገችው ጨንቻ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። አማርኛን እሷም የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ቃሉ አልመጣ ሲለው ምን እንደሚሰማው ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

የዓርቡ ሰዓት የተጀመረው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ከደጋ የመጣች ልጅ ነበረች፤ የኋላ ወንበር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጣ፣ ጥሩ ውጤት አምጥታ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። ሻሺቱ እስከ ዛሬ «ድምጿን ሳልሰማው» ትላለች፣ የሰው ዕቃ እንደጠፋባት ሁሉ።

በዓመቱ ሻሺቱ የዓርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ወሰደች። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስገፋች፣ ወንበሮቹን በክብ አስደረደረች። «ዛሬ ክፍላችን ዱቡሻ ነው» አለቻቸው። የጋሞ ልጆች ናቸውና ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ዱቡሻ የአገር ሰው ተሰብስቦ ነገሩን የሚጨርስበት ሜዳ ነው። መጀመሪያ ይመረቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በተራው ይናገራል፤ እስኪስማሙ ድረስ አይነሡም፤ ሲስማሙ አንድ ሰው የሁሉንም ቃል ይናገራል። ሻሺቱም እንዲሁ አደረገች። አንድ ጥያቄ ትጥላለች፤ ልጆቹ ባላቸው አማርኛ፣ በተሰበረውም በተጠገነውም፣ ይናገራሉ፤ መሳቅ ክልክል ነው። በመጨረሻ አንዱ ብድግ ይልና «ተስማምተናል፤ ሐሳባችን ይህ ነው» ይላል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ተማሪ የማይቀርበት ክፍል ይህ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ፣ በ2010 መግቢያ፣ አጵሎስ የሚባል አዲስ ምክትል ርዕሰ መምህር መጣ። ገረሴ የተወለደ፣ የወንጌላዊ ልጅ፣ ትሑት፣ ላፕቶፑን ሕፃን እንደታቀፈ ሰው የሚይዝ ወጣት ነው። ክፋት የለበትም። ግን ፈተና የሚባል ነገር እንቅልፍ ነሥቶታል።

«እትዬ ሻሺቱ» አላት አንድ ቀን፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ። «አይቀየሙኝ። የዓርቡን ሰዓት ለፈተና ልምምድ ብናደርገውስ?»

«ልጆቹን ጠይቃቸው» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ይህን ባላለች! የአጵሎስ ፊት በራ። «ግሩም ሐሳብ! እንጠይቃቸው! በኦንላይን ፎርም እንጠይቃቸዋለን። እርስዎ ያዘጋጁታል፤ ተማሪዎቹ በየስልካቸው ይሞላሉ፤ ስልክ የሌለው ኮምፒውተር ክፍል ገብቶ ይሞላል። ሰኞ የወላጅ መምህር ኮሚቴ ውጤቱን ያያል። አብዛኛው ተማሪ ይቀጥል ካለ ይቀጥላል።»

«ካላለስ?»

«ካላለማ፣ እትዬ...» አለና ላፕቶፑን አቀፈ።

ሻሺቱ በዚያው ቀን ኮምፒውተር ክፍል ገባች። አጵሎስ አጠገቧ ተቀምጦ ያስረዳታል። ጥያቄው እዚህ ይጻፋል፤ ምርጫው እዚህ። ክቧን ከመረጡ አንድ መልስ ብቻ ይፈቀዳል፤ አራት ማዕዘኗን ከመረጡ ብዙ። ቀይዋ ኮከብ ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም ማለት ናት። ሻሺቱ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ከጨረሰ በኋላ ጠየቀችው።

«እሺ፣ ፎርሙ አሁን የት ነው ያለው?»

«እዚህ፣ እትዬ።»

«እዚህ እኔ ጋ ነው። ልጆቹ ጋ እንዴት ይሄዳል?»

«አይሄድም። ልጆቹ ወደ እሱ ይመጣሉ። ሊንኩን በቴሌግራም ይልኩላቸዋል።»

«ከዚህ ሳይንቀሳቀስ ሁሉም ቤት ይገባል?»

«እ... አዎ።»

«ጌታ ሆይ» አለች ሻሺቱ፣ እንደ ጸሎትም እንደ ስድብም አድርጋ።

እጅ ማፍታቻ እንዲሆናት መጀመሪያ አጭር የሙከራ ፈተና ሠራች። ተፈታኙ ባሏ ገነነ ነው። ገነነ ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ የአስጋሪዎች ማኅበር ሚዛን ላይ ዓሣ ሲመዝን የሚውል ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሁሉ ስለ ዓሣ አደረገችለት። ራት እየበሉ በስልኳ ሞላው፤ አንዱንም አልተሳሳተም። ላክ የሚለውን ነካ። ውጤት ወጣ።

«ስንት አመጣሁ?»

ሻሺቱ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። «ከዜሮ ዜሮ።»

«ከስንት?»

«ከዜሮ።»

ገነነ እጁን በጨርቅ ጠረገና አሰበ። «ታዲያ ደፍኛለሁ ማለት ነዋ!»

ስቀው ሊሞቱ! ለካ የትኛው መልስ ትክክል እንደሆነና ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ለፎርሙ አልነገረችውም ነበር። «እኔ እኮ የሚያውቅ መስሎኝ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «ይህን ሁሉ የሚችል ነገር የዓሣ ስም አያውቅም?»

የቁም ነገሩ መጠይቅ ግን ነጥብም ትክክልም የለውም። ጥያቄው ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነበር፦ የዓርቡ ሰዓት ይቀጥል ወይስ አይቀጥል? ከሥሩ አጵሎስ «ተጨማሪ ሐሳብ ካለህ ወይም ካለሽ» የሚል ባዶ ቦታ አስገባ። ስም እንዳይጠየቅም እሱ ነው ያለው። «ስም ካለ ለእርስዎ ብለው ይመልሳሉ» አላት። ረቡዕ ከሰዓት ሊንኩ ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ሄደ። ወይም አልሄደም። ብቻ ተላከ።

ሐሙስ ጠዋት ሻሺቱ ግቢ ስትገባ ልጆቹ ከሩቅ ተቀበሏት። «ቲቸር፣ ሞልተናል!» «ሁላችንም ሞልተናል፣ ቲቸር!» ደስ አላት። ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ከፈተችው።

ሪስፖንስ፦ አንድ።

ዓይኗን ጠራረገች። ገጹን ዘጋችና ከፈተችው። አንድ። ከአንዱ በታች አንድ ክብ ሥዕል አለ፤ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ «ይቀጥል፣ መቶ ፐርሰንት» ይላል። መቶ ፐርሰንት! የአንድ ሰው መቶ ፐርሰንት ምን ይባላል? ሻሺቱ ልትደሰት አፏን ከፍታ እንደገና ዘጋችው።

ወጥታ ምሥጋናን ፈለገቻት። ምሥጋና የክፍሉ አለቃ ናት፤ ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ምሥጋና፣ መጠይቁን ሞላችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ስንቶቻችሁ?»

«ሁላችንም።»

«ሁላችሁም ማለት ሁላችሁም?»

«አንድም ሰው አልቀረም፣ ቲቸር። ታሞ የቀረው ዘካሪያስ እንኳ በስልክ ገብቷል።»

ሻሺቱ ተመልሳ አየች። አንድ። ዘካሪያስም የለ፣ ምሥጋናም የለች። ምናልባት ፎርሙ መቁጠር አቅቶት ይሆናል ብላ ራሷ አንድ ሞላችና ላከች። ሁለት አለ። ለካ መቁጠሩን ይችላል! ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ገባት፤ በልጆቹ ድምጽ ውስጥ የራሷን ጨምራለች። እየሮጠች አጵሎስ ቢሮ ገባች።

«አጵሎስ፣ ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ኮሮጆው ውስጥ እጄን ከትቻለሁ!»

አጵሎስ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት፤ ሲገባው ሳቁን ዋጥ አድርጎ የእሷን መልስ ሰረዘላት። ቁጥሩ ወደ አንድ ተመለሰ። ያን ጊዜ ፊቱ ከበደ።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ፎርሙ ደህና ነው። አልሞሉትም ማለት ነው።»

«ሞልተናል ይላሉ እኮ!»

«ምን ያድርጉ? ይወዱዎታል። አንፈልገውም ብሎ ፊት ለፊት መናገር ከብዷቸው ይሆናል። ይሉኝታ ይዟቸው...»

ከዚህ በኋላ ያለው አልተሰማትም። ከቢሮው ወጥታ እስከ ክፍሏ ድረስ ልጆቹ ሰላም ሲሏት አጸፋውን መለሰች፣ ግን ማንን ሰላም እንዳለች አታውቅም። ለእኔ ብለው ዋሹኝ? ምሥጋና ዓይኔን እያየች? ደግሞስ ያ ሁሉ ዓርብ፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ ከይሉኝታ የመጣ ነበር? ያቺ አንድ ሰማያዊ መልስ የማን ናት? ማንን ልጠርጥር፣ ማንንስ ላመስግን?

ማታ ጨንቻ ደወለች፣ ለእህቷ ለበለጥሽ። በለጥሽ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ፎርም አታውቅም፣ ቴሌግራም አታውቅም። የእህቷን ድምጽ ግን ታውቃለች።

«አልቅሰሻል» አለቻት ገና ከሰላምታው።

ሻሺቱ ሁሉንም ነገረቻት። በለጥሽ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «አልገባኝም» አለች።

«እኔም አልገባኝም!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ ሳይገባሽ? እኔ ክር ተወሳስቦ ሲመጣልኝ አልጎትትም። ማን እንዴት እንደፈተለው ነው የምጠይቀው። ልጆቹን ሞልታችኋል ወይ አትበያቸው። እንዴት ሞላችሁ፣ አሳዩኝ በያቸው።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ጨንቻ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ስልክ እንዲሁ ነው።

ዓርብ ደረሰ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ምናልባትም የመጨረሻው የዓርብ ሰዓት። አጵሎስ ፈቃድ ጠይቆ ገባና ከኋላ ተቀመጠ። ሻሺቱ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ልጆች፣ ያንን መጠይቅ እንዴት እንደሞላችሁት አሳዩኝ። ልክ እንዳደረጋችሁት።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዳግም የሚባለው ረጅም ልጅ «ጠረጴዛ ግፉ!» አለና ክፍሉ ተንጋጋ። ወንበሮቹ በክብ ተደረደሩ። ምሥጋና ስልኳን አውጥታ መሐል ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አንዱ ልጅ መረቀ። ዳግም ተነሥቶ የፎርሙን ጥያቄ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ከዚያ ተነጋገርን» አለች ምሥጋና።

«እንዴት ተነጋገራችሁ?»

«በተራ ነዋ፣ ቲቸር። አርሴማ አስቸገረችን!»

«አላስቸገርኩም!» አለች አርሴማ። «ሰዓቱ ይቅደም ነው ያልኩት። ዓርብ መጨረሻ ላይ ርቦኝ ምን እናገራለሁ?»

«አንቺን መቼ ነው የማይርብሽ?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ከዚያ እሷም ይቀጥል አለች» አለ ዳግም። «ዘካሪያስን በስልክ ጠየቅነው፤ እሱም ይቀጥል አለ። ሁላችንም ተስማማን። ምሥጋና ነካችውና ላክን።»

ሻሺቱ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ስንቴ ላካችሁ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ?»

ምሥጋና ግራ ተጋባች። መምህሯ ልትፈትናት የፈለገች መሰላት። «ታዲያ ስንቴ ይላካል፣ ቲቸር? ተስማምተናል እኮ! ተስማምተን እያንዳንዳችን ለየብቻ ብንልክ የተጣላን አይመስልም?»

ሻሺቱ ወንበር ፈለገችና ተቀመጠች። ያቺ አንድ ሰማያዊ ክብ፣ ያ የአንድ ሰው መቶ ፐርሰንት፣ እነሱ ነበሩ። ሁሉም! ደግሞ እንዲህ አድርጉ ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት፤ በየዓርቡ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ! ልትስቅ ፈለገች፣ ልታለቅስ ፈለገች፤ የቱ እንደሚቀድም ስላላወቀች አስነጠሳት።

ከኋላ አጵሎስ ግንባሩን ይዞ ይስቅ ነበር። «አባቴም ከምእመናን ጋር ሲመክሩ እንዲሁ ያደርጉ ነበር» አለ። «ግን እትዬ፣ እኔ አመንኩ፣ ኮሚቴው አያምንም። በነፍስ ወከፍ ይሙሉት። ለየብቻ።»

ልጆቹ አጉረመረሙ። ተነጋግረን የጨረስነውን ለምን እንደገና? አሉ። ሆኖም ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በጓደኛው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ መሙላት ጀመረ። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ደወል ተደወለ፤ የወጣ ልጅ የለም። ሲያልቅ አጵሎስ ላፕቶፑን አዙሮ ክቡን አሳያቸው። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ... አይ፣ ዳር እስከ ዳር አልነበረም። አንዲት ቀጭን ቀይ ቁራሽ ነበረች። አንድ ሰው «አይቀጥል» ብሏል።

«ማነው?» አለ ዳግም ብድግ ብሎ። «ተስማምተን አልነበረም እንዴ? ማነው?»

«ተቀመጥ!» አለች ሻሺቱ። እንደዚያ ስትቆጣ አይተዋት አያውቁም። «ማነው የሚባል ነገር የለም። ማንም ማንንም አይፈልግም።»

ከቀዩዋ ጋር ጽሑፍ ነበር። አጵሎስ ልጆቹ ከወጡ በኋላ አሳያት። እንዲህ ይላል፦ «ሰዓቱን ጠልቼ አይደለም። ክቡ ውስጥ ሁሉም ሲያየኝ ግን ያሰብኩትን መናገር አልችልም። ስለዚህ ተስማምቻለሁ እላለሁ። ዛሬ ለብቻዬ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ሻሺቱ ደጋግማ አነበበችው። ያቺ ከደጋ የመጣች ልጅ፣ ድምጿን ሳትሰማው የሄደችው፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ የመጣች መሰላት፤ ያውም ለእሷ ተብሎ የተጀመረውን ሰዓት አልወደድኩትም ልትል። ቅዳሜና እሑድ ወጥ አልጣመኝም አለች። ገነነ «አብዛኛው ካንቺ ጋር ነው፣ ምን ሆንሽ?» ቢላት፣ «እሱ ነው ግራ የገባኝ» አለችው።

ዛሬ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ ወልደሥላሴ የሚባሉ የወላጅ ተወካይ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽር የሚፈልጉ ሰው። ክቡን አዩና፣ «ይኸ ሁሉ ሰማያዊ ይቀጥል ከሆነ፣ ምን ያከራክረናል?» አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ሻሺቱ ግን እጇን አወጣች። «አንድ የቀረ አለ» አለችና ያንን ጽሑፍ ለሁሉም አነበበችው፤ በራሷ ሰዓት ላይ፣ በራሷ ድምጽ። ስትጨርስ የአንዱ ወላጅ ፊት ተቀየረ። «እንግዲህ ልጆችን የሚያስፈራ ከሆነ ለልምምዱ ይሰጥ» አለ። ሌላው «ለአንድ ልጅ ሲባል?» አለ። ተከራከሩ። ሻሺቱ ሁለቱንም ወገን እየሰማች ለሁለቱም ራሷን ትነቀንቃለች።

ያን ጊዜ አጵሎስ ተነሣ። አዎ፣ ሰዓቱን ሊወስድ የነበረው አጵሎስ! «ይቀጥል» አለ። «ግን መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን ለብቻው በፎርም ይጻፍ። ስም ሳይኖር። እትዬ ሻሺቱ ሁሉንም ያንብቡላቸው። ከዚያ ክብ ይሥሩና ይነጋገሩ። የማይናገረውም ልጅ ሐሳቡ ቀድሞት መሐል ገብቶ ይጠብቀዋል።»

አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አገኙት። «በእኛ መንደር ዱቡሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ» አሉ ቀስ ብለው። «ሥራቸው ዝም ያለውን ሰው ወደ ጥግ ወስዶ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ማለት ነበር። ይኸ ስልክ እሳቸውን ሆነ ማለት ነው?»

«እንደዚያ በሉት፣ አባባ» አለ አጵሎስ።

«እንግዲያው ይቀጥል።»

ሻሺቱ ከስብሰባው ስትወጣ ገነነ ሥራውን ትቶ በር ላይ ይጠብቃት ነበር፤ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ። «እህስ? አሸነፍሽ?»

ሻሺቱ አሰበች። ሰዓቱ ተርፎላታል፤ ግን የቀድሞው ሰዓት አይደለም። ልጆቹ አልዋሿትም፤ ግን ከመካከላቸው አንዱ በየዓርቡ ተስማምቻለሁ እያለ ኖሯል። «እኔ እንጃ» አለች። «ስንት እንዳመጣሁ አላውቅም።»

«ከዜሮ ዜሮ!» አለ ገነነ። «ደፍነሻል!»

ግቢው በር ላይ ቆማ፣ ልጆቹ እያዩዋት፣ ያንን ከጎረቤት ክፍል የሚሰማ ሳቋን ሳቀች። እኔም ጎረቤቷ ሰማሁት፤ ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ።

በሉ ደህና ሁኑ፣ መቆም አልችልም። በለጥሽ ገና አልሰማችም! ከሐሙስ ወዲህ ስልኳ አልሠራ ብሏል፤ እዚያ ላይ ሆና እህቷ ታለቅሳለች ብላ ተጨንቃለች። ሄጄ ልነግራት ነው፤ የጨንቻው የመጨረሻ መኪና ሳይሞላ ልድረስበት፤ ይኸው ረዳቱ መጣራት ጀምሯል፤ ኧረ ጠብቀኝ፣ አንድ ሰው አለሁ!